የበሩ ድንጋይ

ድንጋዩን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ማንም አልመረጠልኝም፣ ማንም አልገፋፋኝም። ይህን መጀመሪያ ልናገርና ልገላገል፤ ወሬ ስጀምር ዙሪያ ጥምጥም የመሄድ አመል አለብኝ። እናቴ በሕይወት ሳለች "አንቺ፣ ዋናውን ንገሪኝ እንጂ፤ ሽሮዬ አረረ እኮ!" ትለኝ ነበር።

ደብረ ማርቆስ ውስጥ መምህር ነኝ፤ አማርኛ አስተምራለሁ። አሥራ ሁለት ሴቶች ሆነን ወር በገባ በሃያ አንድ የእመቤታችንን ጽዋ እንጠጣለን። ጽዋው ከአንዷ ቤት ወደ ሌላዋ ቤት ይዞራል። ተረኛዋ ዳቦ ደፍታ፣ ጠላ ጠምቃ ትጠብቃለች፤ ቄሱ መጥተው ያደርሳሉ፤ ከዚያ እንበላለን፣ ጽዋውን በየተራ እንቀምሳለን፣ ሰውም እናማለን፤ ምን ይደበቃል። የማኅበር መሪ ሙሴ ይባላል። የእኛ ሙሴ ጡረታ የወጡ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ናቸው፤ እትዬ ነው የምንላቸው። ድምፃቸው ቀስ ያለ፣ ግን እሺ ሳያሰኙ የማይለቁ ሴት ናቸው።

ማኅበራችን አንድ የማይታለፍ ሕግ አለው። የተጣሉ ሰዎች ከአንድ ጽዋ አይጠጡም። የበደለችው ድንጋይ በማጅራቷ ተሸክማ፣ ጎንበስ ብላ በተበደለችው ፊት ትቆማለች፤ "ስለ እመቤታችን ብለሽ ማሪኝ" ትላለች። የተበደለችው "ይቅር ብያለሁ" ብላ ድንጋዩን በገዛ እጇ ታወርድላታለች። እሷ ካላወረደችው ሌላ ሰው አይነካውም። ከዚያ ይሳሳማሉ፤ ከአንድ ጽዋ ይቀምሳሉ፤ በዕርቁ ላይ የተባለውና የታየው ደግሞ ከዚያ ቤት በር አይወጣም። ድንጋዩ ለምልክት ያህል ነው። ብዙ ጊዜ ከጓዳ የምትወጣ መጅ ናት፤ እህሉን ወፍጮ ቤት ስለሚፈጭልን መጅ ዛሬ ነጭ ሽንኩርት ከመደቆስ ሌላ ሥራ የላትም። እሷን ተሸክመው ሁለት ደቂቃ የቆሙ ሰዎች ሳቃቸው ሲያመልጣቸው ሁሉ አይቻለሁ።

አሁን ስለ ተጣላኋት ሴት ልናገር። ጓደኛዬ ነበረች። አንድ ትምህርት ቤት ነበርን፤ ሒሳብ ታስተምራለች። የሉማሜ ልጅ ናት፤ ወደ ማርቆስ ተመድባ ስትመጣ ማንንም ስለማታውቅ ቤት ያፈላለግኩላት፣ ማኅበሩ ውስጥም ያስገባኋት እኔ ነኝ። ስታገባ ከሚዜዎቿ አንዷ ነበርኩ። ዝምተኛ ናት። እኔ ደግሞ ይኸው እንደምታዩኝ ነኝ። ተማሪዎቹ "ራዲዮና ግድግዳ" ይሉን ነበር፤ ራዲዮው ማን እንደሆነ መንገር አያስፈልገኝም።

አንድ ቀን ርዕሰ መምህሩ ሁለታችንም ባለንበት የአንድ ተማሪ ውጤት ከፍ አድርጊ አለኝ። አባትየው ትልቅ ሰው ነበር። እምቢ አልኩ። ቃል ተወራወርን፤ እሱ "አሳዳጊ የበደለሽ!" ብሎ እናቴን ነካካት፤ እኔም አልተውኩለትም፣ አፌ ላይ የመጣውን ሁሉ መለስኩለት። እጄን ግን አላነሳሁም። በማግስቱ ልትመታኝ እጇን ሰንዝራብኛለች ብሎ ከሰሰኝ። በክፍሉ ውስጥ የነበርነው ሦስት ሰዎች ነን፤ እሱ፣ እኔና እሷ።

የዲሲፕሊን ኮሚቴው ሦስት ጊዜ ጠየቃት። መጀመሪያ በጽሑፍ ነው፤ "አላየሁም" ብላ ጻፈች። ሁለተኛው በቃል ነው፤ "አልሰማሁም" አለች። ለሦስተኛ ጊዜ እኔ ባለሁበት ሲጠይቋት ቀና ብላ እንኳን አላየችኝም፤ "እኔ ደብተር እያረምኩ ነበር" አለች። ዶሮ አልጮኸም፤ የምሳ ደወል ነው የተደወለው። ባሏ በዚያው ትምህርት ቤት በኮንትራት ይሠራ ነበር፤ ውሉን የሚያድሰውም የማያድሰውም ርዕሰ መምህሩ ነው። ይህን ያኔም አውቅ ነበር። አወቅሁት እንጂ ልቤ ውስጥ አላስገባሁትም።

ከመርጡለ ማርያም አልፎ፣ ከመኪና ወርደው ሁለት ሰዓት በእግር የሚያስኬድ ትምህርት ቤት አዛወሩኝ። እናቴ ደምበጫ ነበረች፤ ስኳር ነበረባት። ከማርቆስ በየቅዳሜው እየሄድኩ እግሯን አጥቤ፣ መድኃኒቷን አይቼ እመለስ ነበር። ከተዛወርኩ በኋላ በሦስት ወር አንዴ ካየኋት ጥሩ ነው። በሁለተኛው ዓመት አንድ ሐሙስ ጠዋት አረፈች። ስልኩ የደረሰኝ ከሰዓት በኋላ ነው፤ መኪና ያገኘሁት ዓርብ ነው፤ ደምበጫ የገባሁት ቅዳሜ ነው። ድንኳኑ ውስጥ ሰው ንፍሮ ይዘግናል። መቃብሯ ላይ ያለው አፈር ደርቋል። ያገኘኝ ሁሉ "አይዞሽ፣ በደንብ ተቀብራለች" ይለኛል። በደንብ ተቀብራለች! ከዚያ ቀን ጀምሮ የእናቴን ሞት ሳስብ ፊቴ ላይ የሚመጣው የእናቴ መልክ ሳይሆን፣ አቀርቅራ "ደብተር እያረምኩ ነበር" ያለችው ሴት ሆነች።

ቆይቶ ርዕሰ መምህሩ ወደ ሌላ ቦታ ሄደ፤ እኔም ይግባኝ ብዬ ወደ ማርቆስ ተመለስኩ። እሱን በልቤ አልያዝኩትም። ጠላቴ ነበር፤ ጠላት የሚሠራውን ሠራ። እሷን ግን ያዝኳት።

እዚህ ላይ አንድ የሚያሳፍር ነገር አለ። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወጣቶችን አስተምር ነበር። ትምህርቱ ክርስቶስን ስለ መከተል ነው፤ ደቀ መዝሙር ማለት ምን ማለት ነው፣ ደቀ መዝሙር ሲወድቅስ እንዴት ይነሣል። ስለ ይቅርታ ሳስተምር ማን ይደርስብኛል! ጴጥሮስ ሦስት ጊዜ መካዱን፣ ጌታ ደግሞ ሦስት ጊዜ ትወደኛለህን ብሎ ጠይቆ በጎቹን መልሶ እንደሰጠው ስናገር ልጃገረዶቹ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ይጠርጉ ነበር። ከራሴ ነገር ጋር አላገናኘሁትም ብል ውሸቴን ነው። አገናኝቼዋለሁ። ጴጥሮስ መራራ ልቅሶ አልቅሷል፣ እሷ አላለቀሰችም አልኩና ዘጋሁት።

እንደተመለስኩ በትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። "ፈራሁ። ሌላ የምለው የለኝም፤ ፈራሁ" አለችኝ።

"እኔ ማን ነኝ? ለነፍስ አባትሽ ንገሪያቸው" ብያት አለፍኩ። ጥሩ አድርጌ መለስኩላት ብዬ ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

እሷ እቴ የምሯን ሄደች። የነፍስ አባቷም "ሰው አስቀይመሽ ወደ ሥጋ ወደሙ አትቀርቢም፤ መጀመሪያ እሷን ታረቂ" ብለው ወደ እኔ መለሷት። ዓመት ሙሉ አንከራተትኳት። ከፋሲካ በኋላ አልኩ፤ ፋሲካ አለፈ። ክረምቱ ይውጣ አልኩ፤ ወጣ። በየወሩ ጽዋ ሲዞር ሁለታችንም ሳንቀምስ እንቀራለን። እሷ ከበሩ ሥር ትቀመጣለች፤ እኔ ከእትዬ ጎን ተቀምጬ በጎን አያታለሁ። ደስ ይለኝ ነበር። እውነቱ ይህ ነው፤ ደስ ይለኝ ነበር።

በመስከረም መጨረሻ ላይ ጥድፊያ ያዛት። እትዬን ቤታቸው ድረስ ሄዳ እግራቸው ላይ ወደቀች። "ለጥቅምት ማርያም አስታርቁኝ፤ ከዚያ አይለፍብኝ" አለቻቸው። ምን አስቸኮለሽ ቢሏት "መቁረብ እፈልጋለሁ" ብቻ ነው ያለችው። እኔ ይህን ስሰማ "ምነው፣ ጽድቅ ሊያልቅባት ነው?" ብዬ ቀለድኩባት። እትዬ ግን እንዳልኳችሁ እሺ ሳያሰኙ አይለቁም፤ እሺ አልኩ።

የጥቅምት ማርያም ዕለት ተረኛዋ በቅርቡ ቤት የሠራች ሴት ነበረች። የግቢዋ የቆርቆሮ በር በነፋስ እየተላተመ ስለሚያስቸግራት፣ ከመሠረቱ የተረፈ ጥቁር ድንጋይ ታስደግፈዋለች። ቄሱ አደረሱና ሌላ ማኅበር ስለሚጠብቃቸው ቶሎ ሄዱ። እትዬ ተነሥተው "ዛሬ ጽዋችን ሙሉ ሊሆን ነው" አሉ። ተረኛዋ ከጓዳ መጇን ይዛ መጣች። በአንድ እጅ የምትያዝ ትንሽ ናት።

"ይቺማ የሕፃን መጫወቻ ናት" አልኩ።

አንድ ሁለቱ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። በተከፈተው በር ወደ ውጭ እያሳየሁ "ያቺ በሩን የደገፈችው ትምጣ" አልኩ።

"ኧረ ተይ በማርያም! እሷን እኮ እኔ በእግሬ እየገፋሁ ነው የማንቀሳቅሳት" አለች ተረኛዋ።

እትዬም "ለምልክት ነው ልጄ፤ ክብደት ልንለካ አይደለም" አሉ።

"እናቴን የቀበሯት ለምልክት አይደለም እትዬ" አልኩ።

ከዚህ በኋላ ማን ምን ይላል? የእናት ሞት ሲነሣ ሁሉም ዝም ይላል። ያንን አውቄ ነው ያነሣሁት።

እሷ ከበሩ ሥር ተነሣች። እትዬን አላየችም፤ እኔን ነው ያየችኝ። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ ልታስር ጀመረችና ተወችው። ትንሽ ቆማ አሰበች፤ ያን ጊዜ ኩራት መስሎኝ ነበር። ከዚያ "ትሁን" አለች። ሁለት ሴቶች ድንጋዩን ተጋግዘው አስገቡና ማጅራቷ ላይ አደረጉላት፤ በሁለት እጇ ከኋላ ደግፋው ፊቴ መጥታ ጎንበስ አለች።

"ስለ እመቤታችን ብለሽ ማሪኝ።"

ድንጋዩን ማውረድ የእኔ ፋንታ ነበር። አላወረድኩትም፤ መናገር ጀመርኩ። የእናቴ እግር እንዴት እንዳበጠ ተናገርኩ። በመጨረሻ ያየኋት ቀን ቅዳሜ ቅዳሜ ለምን እንደማልመጣ ረስታው ሦስት ጊዜ እንደጠየቀችኝ ተናገርኩ። ሐሙሱን፣ ዓርቡን፣ ቅዳሜውን አንድ በአንድ ዘረዘርኩ። ቋንቋ አስተማሪ ነኝ፤ ሲያሰኘኝ ሰው አስለቅሳለሁ፤ ያን ቀን ቤቱን በሙሉ አስለቀስኩት። እሷ ብቻ አላለቀሰችም። ጉልበቷ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ላቧ ከግንባሯ ሊሾው ላይ ጠብ ጠብ ሲል አያለሁ።

"ጴጥሮስ እንኳን አልቅሷል" አልኳት። "የአንቺ ዓይን ደረቅ ነው። ይሄ ምን ዓይነት ንስሐ ነው?"

"ማሪኝ" አለች። ትንፋሽዋ ተቆራርጧል።

"ልጄ፣ ይበቃል" አሉ እትዬ።

"እየጨረስኩ ነው" አልኳቸው። አልጨረስኩም ነበር። ስንት ደቂቃ እንደቆመች አላውቅም፤ ተረኛዋ በኋላ እንደነገረችኝ፣ ዕርቁ ሲጀመር የተለኮሰው ጧፍ አልቆ ሌላ ለኩሰዋል።

በመጨረሻ "ይቅር ብያለሁ" አልኩ። ድንጋዩን ሳወርድላት ወገቤን ያዘኝ። ተሳሳምን፤ ጉንጯ ቀዝቃዛ ነበር። ከጽዋው እኔ ቀመስኩ፣ እሷ ቀመሰች፣ እልልታው ቀለጠ። ወደ ቤቴ ስመለስ ቀለል ብሎኝ ባጃጅ እንኳን አልያዝኩም፤ በእግሬ ነው የሄድኩት።

በሳምንቱ ከትምህርት ቤት ቀረች። ታይፎይድ ነው ተባለ፤ ሁላችንም አመንን። ታርቀን የለ? ብርቱካን ገዝቼ ልጠይቃት ሄድኩ። በሩን የከፈቱልኝ ከሉማሜ የመጡ እናቷ ናቸው፤ ከሠርጓ ወዲህ አላየኋቸውም። እሷ መኝታ ቤት ተኝታለች፤ እናቷ እጄን ይዘው ወደ ጓዳ ወሰዱኝ።

"የኔ ልጅ፣ አንቺ እህቷ ነሽ፤ ላንቺ አልደብቅም" አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ታይፎይድ አይደለም። ፀንሳ ነበር። ስምንት ዓመት ያለቀስንበት! ሦስት ወር ሊሞላት ነበር። የሰው ዓይን እንዳይበላብን ብለን ከእኔና ከባሏ በቀር የሰማ የለም። ወጣባት ልጄ፤ ወጣባት።"

"አንቺን ግን እግዚአብሔር ይስጥሽ" ብለው ቀጠሉ። "መፅነሷን ያወቀች ዕለት ምን አለችኝ መሰለሽ? 'እማዬ፣ እግዚአብሔር እንዲህ ሲሰጠኝ ሰው አስቀይሜ እንዴት እቀበለዋለሁ? እሷ ይቅር ትበለኝና ቆርቤ፣ ንጹሕ ሆኜ ልውለድ' አለችኝ። በታረቃችሁ ማታ ደውላ 'ይቅር አለችኝ' ስትለኝ እንዴት ደስ ብሏት ነበር! እንኳን ምሕረት አደረግሽላት። እናትሽን በገነት ያኑርልሽ።" ጉንጬን አገላብጠው ሳሙኝ።

ስለ ድንጋዩ አያውቁም። ለእሳቸውም ለባሏም ታረቅን ብቻ ነው ያለቻቸው።

መኝታ ቤት ገባሁ። "ለምን አልነገርሽኝም?" አልኳት። እዩልኝ እስቲ፣ የመጀመሪያ ቃሌ ይህ ነው፤ ጥፋቱን ለእሷ!

"ብነግርሽ ታዝኚልኝ ነበር" አለች። "ትንሿ ትበቃለች ትዪ ነበር። እኔ የፈለግኩት ይቅርታሽን ነው፤ ሐዘኔታሽን አይደለም።"

"ከድንጋዩ ነው?"

"ሐኪሙን ጠየቅሁት። ነውም አላለኝ፣ አይደለምም አላለኝ። አንዳንዴ እንዲሁ ይሆናል ነው ያለኝ።" ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። "ብርቱካኑን ለእማዬ ስጫት።"

ለነፍስ አባቴ ተናገርኩ። ስግደት አዘዙኝ፤ ጉልበቴ እስኪላጥ ሰገድኩ። ስጨርስ "እግዚአብሔር ይፍታሽ። አሁን ወደ እሷ ሂጂ" አሉኝ። እሷን ዓመት ሙሉ ያመላለስኩበት መንገድ ለእኔም ደረሰኝ።

እኔ ደግሞ ልክ አላውቅም። አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ወደዚያች ተረኛ ቤት ሄጄ ያንኑ ድንጋይ ለመንኳት። ለስእለት ነው አልኳት፤ ግራ እየገባት ሰጠችኝ። በባጃጅ ጭኜ እስከ ጓደኛዬ በር ድረስ ወሰድኩትና፣ ሹፌሩ አግዞኝ ማጅራቴ ላይ አድርጌ ጎንበስ ብዬ ቆምኩ። ሹፌሩ አፉን ከፍቶ ያየኛል። ጎረቤቶች ከየበሩ ብቅ ብቅ አሉ። እውነት ለመናገር ሰው ማየቱ አልከፋኝም። እንዲያውም ይዩኝ ብዬ ነበር።

በሩን ከፈተች። በዚያ ሁሉ ዓመት እንዲህ ተቆጥታ አይቻት አላውቅም።

"አውርጂው" አለች በሹክሹክታ።

"ማሪኝ። አንቺ ካላወረድሽልኝ አላወርደውም።"

"አውርጂው አልኩሽ! ጎረቤት ምን አድርገሻት ነው ሲልሽ ምን ልትዪ ነው? ያንን ድንጋይ እንዳሸከምሽኝ ባሌ ቢሰማ ምን የሚያደርግ ይመስልሻል? እናቴ ውስጥ ናት። እናቴ ብትሰማ ትሞትብኛለች።"

"ታዲያ እንዴት አድርጌ ይቅርታ ልጠይቅሽ?"

"ይቅር ብዬሻለሁ" አለች፣ ለባጃጅ ሹፌር 'መልሱን ያዘው' እንደሚባለው ያህል። "ተኝቼ ሳለሁ ነው ይቅር ያልኩሽ፤ ሳትጠይቂኝ። አሁን የመጣሽው ሸክሙን ላወርድልሽ ነው። እሱን አላወርድልሽም። መሸከም ካማረሽ ሰው ሳያይሽ ተሸከሚ።" በሩን ዘጋችው።

ድንጋዩን ራሴ አወረድኩት። እግሬን ለጥቂት ሳተኝ። ሹፌሩ ጠጋ ብሎ "እህቴ፣ መልሼ ልጫነው?" አለኝ። ጫነው።

ይህ ከሆነ ሁለት ዓመት አለፈው። ልጅ አልመጣም። እሷና እኔ በየወሩ ከአንድ ጽዋ እንቀምሳለን። አዲስ ጠበኞች ሲመጡ እትዬ "እነዚህን እዩ፤ እንዴት አድርገው ታረቁ!" ይላሉ። ማኅበርተኞቹ ድንጋዩን አይተዋል፤ ስለ ፅንሱ አያውቁም። ባሏና እናቷ ስለ ፅንሱ ያውቃሉ፤ ድንጋዩን አያውቁም። የእሑዱን ትምህርት ትቼዋለሁ፤ ጉሮሮዬን ያመኛል ብዬ ነው የቀረሁት። ጉሮሮዬ ደኅና ነው።

ባለፈው ወር ተራው የእሷ ነበር። እናቷ ሊያግዟት ከሉማሜ መጥተዋል። ጽዋው ዞሮ ሲያበቃ እናቷ መሐል ቤት ቆሙ። "እኔ አሮጊት ነኝ፤ አንድ ነገር ልበላችሁ" አሉ። "እዚህ ቤት ይቅር ባይ ልብ ያላት አንዲት ልጅ አለች።" መጥተው እጃቸውን ራሴ ላይ ጫኑ። "ልጄን የማረቻት እሷ ናት። እንዲህ ያለ ሰው ሲለምን እግዚአብሔር ይሰማል። እስቲ የኔ ልጅ፣ አንቺ ለልጄ ማኅፀን ለምኝልኝ። አንቺ ይስጣት ካልሽ ይሰጣታል።"

ሁሉም ዞረው አዩኝ። እትዬ ፈገግ ብለው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። እሷ የጠላ ማሰሮውን እንደያዘች ከበሩ ሥር ቆማ ነበር፤ መቅዳቱን ትታ ቀጥ ብላ አየችኝ፤ የምለውን ትጠብቃለች።

"እግዚአብሔር ይስጣት" አልኩ።

"አሜን" አሉ ሁሉም። እሷም አሜን አለች። ከዚያ መጣችና፣ ሌላውን ሰው እንደምትቀዳው አድርጋ፣ ብርጭቆዬን ሞላችልኝ። የእናቷ እጅ ራሴ ላይ እንዳለ ነው። እስኪያነሡት ድረስ ጎንበስ ብዬ ቆየሁ።